የጋሽ ብርሃኑ እሺታ

ሰገን ኣስፋሃ ወልድያ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምስማር ስትመዝን፣ ቆርቆሮ ስትቆጥር፣ ከቀለም ገዢ ጋር ስትከራከር ትሰነብትና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ መርሳ ትወርዳለች። ተወልዳ ያደገችበት ከተማ ነው፤ ግን እናቷ ካረፉ ወዲህ እዚያ የሚጠብቃት የሥጋ ዘመድ የለም። የምትሄደው ጋሽ ብርሃኑን ልትጠይቅ ነው።

ጋሽ ብርሃኑ በጉልበታቸው ዘመን የወፍጮ መካኒክ ነበሩ። በሐብሩ ወረዳ የትም ቀበሌ ወፍጮ ቆመ ሲባል የመፍቻ ከረጢታቸውን አንግተው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የአገሩ ወፍጮ ሁሉ ቢቆም ንቅንቅ አይሉም። ዱቄቱ ከፀጉራቸው ሳይራገፍ፣ የስካውት ልጆቻቸው ወደሚጠብቋቸው ሜዳ ይወጣሉ። ከሚስታቸው ከእትዬ እታፈራሁ ጋር ሆነው ያለ ደመወዝ፣ ያለ አበል አሥራ ስምንት ዓመት የመርሳን ልጅ ገመድ መቋጠር፣ ቁስል ማሰር፣ ችግኝ መትከል አስተምረዋል። የራሳቸው ልጅ አልወለዱም።

ሰገን ስካውት የገባችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሾፌር አባቷ ከሞቱ ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ እናቷ መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ይሸጣሉ። የአንገት ሻርፕ መግዣ ሲጠፋ እትዬ እታፈራሁ የመስኮታቸውን መጋረጃ አውርደው ቀደዱና ሰፉላት። ከዚያ የሌሎቹም የድሃ ልጆች እናቶች ሰምተው መጡ፤ የቤቱ መጋረጃ በሙሉ አለቀ። ለስካውት ካምፕ ግራና ወጥተው ባደሩ ጊዜ ሰገንን ወባ ሲጥላት ጋሽ ብርሃኑ አዝለዋት እስከ ጤና ጣቢያ በእግራቸው ሄደዋል። ለእናቷም፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አጎበር መያዝ ነበረብኝ» ብለው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይቅርታ ለመኑ። አንድ ትልቅ ሰው እናቷን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰገን ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አልረሳችም። ሌላም ያልረሳችው ነገር ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ከመላ አገሪቱ የተውጣጡ ስካውቶች አዲስ አበባ ሲሰበሰቡ፣ ከመርሳ አንዲት ሴት ልጅ ትላክ ተባለ። ከቡድኑ ቋጠሮ የሚያውቅ ሰገንን የሚስተካከላት አልነበረም። ጋሽ ብርሃኑ ግን ሰልፉ ፊት ቆሙና፣ «ኤልሳቤጥ ትሄዳለች» አሉ።

ሃያ አምስት ዓመት ሆነው። አብራት ስካውት የነበረችው ኤልሳቤጥ ተምራ መሐንዲስ ሆነች፣ ሐዋሳ ገባች፣ በዓመትም በሁለት ዓመትም አንዴ ትደውላለች። ሰገን እዚሁ ቀረች። ጋሽ ብርሃኑ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው መድኃኒት የምታመላልሰው፣ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ ጭና የምትመጣው፣ ጥፍራቸውን ሳይቀር የምትቆርጠው እሷ ናት። እሳቸው ግን ቁጭ ብለው፣ «ኤልሳ ደወለች? እሷ ልጅ እኮ ከሕፃንነቷ ልዩ ነበረች» ይላሉ። ሰገን፣ «ደህና ናት መሰለኝ» ትልና መቁረጫውን ጠበቅ ታደርገዋለች።

በዓይናቸው ነገር ሁለት ዓመት ለምናቸዋለች። «ጋሼ፣ ሞራ እኮ ቀላል ነው፤ በሩብ ሰዓት ገፈው ያወጡታል።»

«ይቅርብኝ።»

«እኔ አሳክምዎታለሁ፤ ምን ያስፈራዎታል?»

«ይቅርብኝ አልኩሽ! ያየሁት ይበቃኛል።»

በጥር ኤልሳቤጥ ለዘመድ ሠርግ ወልድያ መጣች። እሑድ ዕለት ሰገን ይዛት መርሳ ወረደች። ጋሽ ብርሃኑ ድምጿን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተስፈንጥረው ተነሡ፤ ፊቷን በሁለት እጃቸው ዳበሱ፣ አለቀሱ። ሰገን ብርቱካኑን በፌስታል እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ኤልሳቤጥ ተቀምጣ ብዙም አልቆየች። «ጋሼ፣ ወልድያ በነጻ የሞራ ሕክምና የሚሰጡ ሐኪሞች መጥተዋል አሉ። ላስመዝግብዎት?» አለች።

«እሺ ልጄ» አሉ ጋሽ ብርሃኑ።

እንዲሁ ነው ያሉት፤ አንዴ እንኳ አላንገራገሩም። ሰገን የለመነቻቸው ሁለት ዓመት ነው። እትዬ እታፈራሁ «እልል!» ሲሉ እሷም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ኤልሳቤጥ በማግሥቱ ሆስፒታል ሄዳ አስመዘገበቻቸው። የባልና ሚስቱ ስልክ ውኃ ገብቶበት ስለተበላሸ የሰገንን ቁጥር አስጽፋ ወደ ሐዋሳ ተመለሰች። ማክሰኞ ከሰዓት የሆስፒታሉ ነርስ ለሰገን ደወለች። «አቶ ብርሃኑ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይቅረቡ። ታጥበው፣ ከቤተሰብ ጋር።»

«እሺ» አለች ሰገን።

ከወልድያ መርሳ ሩቅ አይደለም። ሱቋን ዘግታ ብትሄድ እስከ ማታ ይዛቸው ትመለስ ነበር፤ ለምታውቀው የመርሳ ሾፌር ብትደውል እንኳ መልእክቱ ይደርስ ነበር። ሰገን ግን ስልኩን ከጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተተችውና ምስማር መመዘን ጀመረች። ትንሽ ቆይቼ እሄዳለሁ አለች። ከዚያ ይህን ደንበኛ ልሸኝ አለች። ሲመሽ፣ «ኤልሳ ናት ያስመዘገበችው፣ ኤልሳ ታድርሳቸው!» ብላ ብቻዋን ጮክ ብላ ተናገረች። የራሷ ድምፅ አስደነገጣት።

ረቡዕ አለፈ። ዓርብ ዕለት ኤልሳቤጥ ደወለች። «ሰጊ፣ እንዴት ሆኑ? ተሳካ?»

«ፈሩ መሰለኝ፤ እምቢ አሉ» አለች ሰገን። ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣ።

«እሺ ብለውኝ ነበር እኮ» አለች ኤልሳቤጥ፣ ድምጿ ተሰብሮ።

ያን ጊዜ ሰገን የተሰማት ደስታ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም ባትናገረውም፣ ደስታ ነበር።

እሑድ እንደ ልማዷ መርሳ ወረደች። ጋሽ ብርሃኑ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ፀጉራቸው ተላጭቷል፤ የሠርግና የጥምቀት ኮታቸውን ለብሰዋል። እግራቸው ሥር ፎጣና ቅያሪ ልብስ የተቋጠረበት ትንሽ ሻንጣ አለ።

«የት ሊሄዱ ነው ጋሼ?»

«አንቺ ነሽ? ኤልሳ አልደወለችም?» አሉ በጉጉት። «ከማክሰኞ ጀምሮ ተዘጋጅቼ እየጠበቅሁ ነው። ድንገት ቢጠሩኝ ብዬ።»

እትዬ እታፈራሁ ከጓዳ ወጥተው፣ «ኮቱን አላወልቅም ብሎ አስቸገረኝ። በየቀኑ በጠዋት ይታጠባል» አሉ።

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አሉ ጋሽ ብርሃኑ። «ረስታኝም ከሆነ ምንም አይደል። ስትደውል እንዳትወቅሻት እሺ? እኔ ስንቱን እረሳ የለ።»

ሰገን የያዘችውን ፌስታል መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ኤልሳ አልረሳችም» አለች። «ነርሷ ደውላልኝ ነበር። ቀጠሮው ረቡዕ ነበር። እኔ ነኝ ያልነገርኋችሁ። ለኤልሳም እምቢ አሉ ብዬ ዋሸኋት።»

እትዬ እታፈራሁ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ጋሽ ብርሃኑ ፊታቸውን ወደ ድምጿ አዞሩ፤ የተጋረዱት ዓይኖቻቸው ከራሷ በላይ ያለውን ግድግዳ ያያሉ።

«ለምን?»

መልስ ፈለገች፤ ያገኘችው ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ለቅሶ ነው። «ለምን እሷን መረጡ ጋሼ? ቋጠሮ የማውቀው እኔ! ችግኙን የማጠጣው እኔ! ለምን አዲስ አበባ እሷን ላኳት?»

«የቱ አዲስ አበባ?»

«የስካውቱ ጉባኤ ነዋ! አንድ ሴት ልጅ ትሂድ የተባለ ጊዜ።»

ጋሽ ብርሃኑ ግራ ገብቷቸው ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ኤልሳ ያኔ አዲስ አበባ ሄዳ ነበር እንዴ?»

«እንጃ» አሉ እትዬ እታፈራሁ። «አንድ ልጅ የላክን ይመስለኛል። ማን እንደነበረች ግን ጠፍቶኛል።»

ሰገን ሃያ አምስት ዓመት ተሸክማው የኖረችው ነገር ለእነሱ ከብዙ ቅዳሜዎች አንዱ ነበር። ጋሽ ብርሃኑ ግን ገና አልጨረሱም። ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ።

«እኔ ስካውት የሚያህል ነገር አስተምሬሽ፣ ዕውር አታለልሽ?» አሉ። «ሂጂ። ከቤቴ ውጪልኝ።»

ሰገን ወጣች። ከአጥሩ ውጭ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ስትነፋረቅ እትዬ እታፈራሁ መጡና አጠገቧ ተቀመጡ። መጀመሪያ ገሠጿት፤ በደንብ አድርገው ነው የገሠጿት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንቺ ሞኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ሲባል አልሰማሽም? አንቺን እምቢ የሚልሽ በሚቀጥለው እሑድ እንደምትመጪ ስለሚያውቅ ነው። አኩርፎሽም፣ ተቆጥቶሽም ትመጫለሽ። ኤልሳ እንግዳ ናት፤ ለእንግዳ ማን እምቢ ይላል?»

«እኔንም አንዴ እሺ ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

«እሱን እኔም ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠብቄው አላገኘሁትም» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። ቶሎ ኮስተር አሉ። «ሐኪሞቹ ሄደዋል?»

ሰገን ስልኳን አውጥታ ለነርሷ ደወለች። ዘመቻው ነገ ሰኞ ያበቃል፤ ዝርዝሩ ሞልቷል፤ ተመዝግቦ የቀረ ሰው ካለ ግን በእሱ ቦታ ልንሞክር እንችላለን፣ በጠዋት ይዘሻቸው ነዪ አለቻት።

ጋሽ ብርሃኑ ከሰገን ጋር አልሄድም አሉ። እትዬ እታፈራሁ ሻንጣውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ «ዓይኑ ያንተ ነው። ኩርፊያህን ታቅፈህ ትሄዳለህ» አሏቸው። ሰኞ ገና በማለዳ ሦስቱም በመጀመሪያው ሚኒባስ ተነሡ። ወልድያ ላይ ከሚኒባሱ ሲወርዱ ሰገን የጋሽ ብርሃኑን ክንድ ብትይዝ ቀስ አድርገው አስለቀቋትና የሚስታቸውን ትከሻ ያዙ።

የሆስፒታሉ ግቢ ከየገጠሩ በመጡ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ጢም ብሎ ሞልቷል። እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቁ፤ አልተጠሩም። ሰገን ለጋሽ ብርሃኑ የሚጠጣ ውኃ አቀረበች፤ አልተቀበሏትም። ያን ጊዜ ሌላውንም ዕዳዋን መክፈል እንዳለባት ገባት፤ አግዳሚው ወንበር ላይ እንደተቀመጠች፣ እሳቸው እየሰሙ፣ ለኤልሳቤጥ ደወለች።

«ኤልሳ፣ ጋሼ እምቢ አላሉም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። ቀጠሮውን አልነገርኋቸውም።»

«ምን አድርጌሽ ነው?» አለች ኤልሳቤጥ።

«ምንም አላደረግሽኝም። ቀንቼ ነው።»

«እኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ ተቀይሜያቸዋለሁ፣ ታውቂያለሽ? እሺ ብለው ሸኝተውኝ ከዱኝ ብዬ። አሁን ላናግርሽ አልችልም ሰገን።» ዘጋችው። ሰጊ አላለቻትም።

ጋሽ ብርሃኑ ፊታቸውን ቀና አድርገው እንደተቀመጡ፣ «ውኃው የታለ?» አሉ። ሰገን ብርጭቆውን እጃቸው ላይ አስያዘቻቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ቀርቷል ተባለና ስማቸው ተጠራ። የቀኝ ዓይናቸው ብቻ ተሠራ፤ ለግራው በሚቀጥለው ዙር ተመለሱ አሏቸው። ያን ቀን ሰገን ቤት አደሩ። በማግሥቱ ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ጋሽ ብርሃኑ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ገለጡት። መጀመሪያ ያዩት ነርሷን ነው፤ ቀጥሎ ሚስታቸውን፤ «ከስተሻል» አሏቸው። ከዚያ ሰገን ላይ ቆሙ። ረጅም ጊዜ አዩአት።

«ትልቅ ሴት ሆነሻል» አሉ። «እናትሽን ቁርጥ።» ቀጠሉና፣ «አሁንም ተቀይሜሻለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ይበርዳል። ጊዜ ስጪኝ።»

ወደ መርሳ ሲመለሱ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ከመናኸሪያ ገና ሳይወጡ ያገኙትን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «የወንዶች ፀጉር ቤት! ጎማ እንጠግናለን! ፋርማሲ!» ተሳፋሪው ይስቃል። ከተማው አልቆ ማሳው ሲጀምር ወፍጮ ቤት ባዩ ቁጥር ባለቤቱን በስሙ እየጠሩ ስንት ጊዜ እንደጠገኑለት ለሾፌሩ ያስረዳሉ።

«ወይኔ፣ ይህን ኤልሳ ባየችልኝ!» አሉ በመሃል።

ያው የድሮው ውጋት ሰገንን ከጎኗ ጠቅ አደረጋት። እንደሚለቃት ተስፋ አድርጋ ነበር፤ አልለቀቃትም። ስልኳን አወጣችና፣ «እስቲ ወደዚህ ይዙሩ ጋሼ፤ ያን ታፔላ ደግመው ያንብቡት» አለች። ቀረጸቻቸው፤ ለኤልሳቤጥም ላከችው።

መርሳ ሳይደርሱ ስልኳን ከፍታ አየች። ኤልሳቤጥ ቪዲዮውን አይታዋለች፤ ምንም አልጻፈችም። ሰገን ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጋሽ ብርሃኑ የሚያሳዩአትን ወፍጮ ለማየት ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች።