በትዕግሥት ሙግት ላይ ያረፈ ጥፊ

በተራራማው የዛንስካር ሸለቆ ያለው የሴቶቹ የቡድሂስት ገዳም ግቢ እንደዚያ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ከወንዶቹ ገዳም ሽማግሌዎቹ መነኮሳት ሳይቀሩ ወርደው መጥተዋል። እነዚህ ሽማግሌዎች ለዓመታት አንድ ነገር ሲደጋግሙ ኖረዋል፦ «ሴት ሙግት አይሆንላትም፤ ሲነኳት ትገነፍላለች።» ወንዶቹ በሙግት ሲጣሉ ጫማ እንደሚወራወሩ ግን ማንም አያነሳም። ዛሬ የሙግቱ ሊቅ ጌሼ ሎብዛንግ በዓይናቸው አይተው ሊወስኑ ተቀምጠዋል። መነኩሲቶቹ ከተዋረዱ ሙግቱም ትምህርቱም ይቀራል፤ ተመልሰው ላም ማለብ ነው።

ተጠያቂ እንድትሆን የተመረጠችው ያንግቻን ነበረች። ሌላ ማን ይመረጣል? የፈላ የቅቤ ሻይ እግሯ ላይ ሲደፋባት እንኳ «ምንም አይደል» ያለች ሴት ናት። ምንጣፏ ላይ ተቀምጣ አቋሟን አሰማች፦

«ትዕግሥትን የሚያውቅ ሰው ቢሰድቡት የሚቆጣበት ምክንያት አያገኝም።»

ቆማ የምትጠይቃት ስካርማ፣ ተማሪዋም የወንድሟ ልጅም ናት። እንደ ሥርዓቱ እግሯን አንስታ መሬቱን ረገጠች፤ መዳፏን በመዳፏ አጮኸች። በሙግት ጊዜ አንቱታ የለም። ጠያቂ ያሾፋል፣ ይሳደባል፤ ተጠያቂ ቁጭ ብሎ ይችላል። መልሱም ከሦስት አያልፍም፦ «እቀበላለሁ»፣ «ማስረጃው አልጸናም»፣ ድምዳሜው ከማስረጃው ካልወጣም «አይከተልም»።

«አንቺ የትዕግሥት መምህርት! አህያ ብልሽ አትቆጪም?»

«እቀበላለሁ።»

«ቅቤ የምትሰርቅ ድመት ብልሽስ?»

«እቀበላለሁ።»

ሰዉ ሳቀ፤ ጌሼም ፈገግ አሉ። ያንግቻን፣ አሸነፍን፣ ብላ በልቧ ደስ አላት። ስካርማ ግን አልሳቀችም።

«እንግዲያው የወንድሟ አስከሬን ሲቃጠል ያልተገኘች መነኩሲት በምሳሌነት እንውሰድ። እሷ ውስጥስ ንዴት አልነበረም?»

ሳቁ ድንገት ቆመ። ያ ወንድም በልጅነታቸው «ላምሽን እለቢ!» ብሎ መጽሐፏን ነጥቆ እሳት ውስጥ ከቶባታል። ኋላ ጸጸተውና «አስተምሪልኝ» ብሎ የገዛ ልጁን ላከላት። ያንግቻን ልጅቷን ተቀበለች፤ እሱን ግን አልተቀበለችም። ባለፈው ክረምት ሲሞት፣ በረዶ መንገዱን ዘጋብኝ አለች። ሰው ሁሉ አመናት።

«አይከተልም» አለች። «መንገዱ ተዘግቶ ነበር።»

«አባባን ባቃጠልን ማግስት በዚያው መንገድ ነው የተመለስኩት!» ስካርማ መዳፏን በያንግቻን አፍንጫ ሥር አጮኸች። «በረዶው የት ነበር? እዚህ ነው?» ብላ ጣቷን ደረቷ ላይ ቀሰረችባት።

ጥፊው ግቢውን አናጋው።

ያንግቻን ቆማለች። መቼ እንደተነሳች አታውቅም። መዳፏ ያቃጥላታል፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አፍጥጣ አየችው። ሰዉ ሁሉ ክው አለ፤ ከሁሉ ይበልጥ ክው ያለችው ግን እሷ ነበረች። እኔ ነኝ? እኔ? ሴቶቹን ሁሉ በአንድ ጥፊ ገደል ከተትኳቸው!

ከወንዶቹ ወገን አንድ ደግ መነኩሴ መውጫ አበጁላት። «መምህር ተማሪዋን ብትቀጣ ንዴት አይባልም! ለልጅቷ ብላ ነው!»

«እውነት ነው! ለእሷ ብላ ነው!» አሉ መነኩሲቶቹ፣ በዓይናቸው እየለመኗት።

የስካርማ ጉንጭ ቀልቷል፤ እንባዋም ይወርዳል። እንደ አሸናፊ «አለቀልሽ!» ብላ መጮኽ ትችል ነበር። አልጮኸችም። መዳፎቿን ቀስ አድርጋ አገናኘች።

«ንዴት ነበር ማለት ነው?»

«አይከተልም» ማለት ቀላል ነበር። ሙግቱም ስሟም ይተርፉ ነበር። ያንግቻን ተመልሳ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠች።

«እቀበላለሁ» አለች።

«ያን ጊዜም?»

«ያን ጊዜም። መንገዱ ክፍት ነበር። እቀበላለሁ።»

ጌሼ ሎብዛንግ ወደ መነኩሲቶቹ ዞሩ። «ነገ በምን ርዕስ ነው የምትሟገቱት?»

«ሙግቱ... ሊቀጥል ነው እንዴ?» አለች አንዷ፣ ጆሮዋን ማመን አቅቷት።

«እውነቱ ወጣ፤ ሙግቱ ገና አሁን ተጀመረ እኮ! በዚሁ ርዕስ ቀጥሉ። ተጠያቂዋም እሷው ትሁን።»

ሰዉ እየተንሾካሾከ ሲነሳ፣ ስካርማ ምንጣፉ አጠገብ ተንበረከከች። ሙግቱ አልቋልና አንቱታዋ ተመልሷል።

«አክስቴ» አለች በለሆሳስ። «አባባ እስከ መጨረሻው በሩን በሩን ሲያይ ነበር። እርስዎን ነው የጠበቀው።»

ያንግቻን በመታችበት መዳፍ የልጅቷን ጉንጭ ዳሰሰች። ለዚህ ከሦስቱ መልሶች አንዱም አልሆናትም።