የሻምበል ሉሚስ ባሩድ

ሻምበል ጀዲዳያ ሉሚስ መሐላ የሚፈራ ሰው ነበር። ሞትን እንኳ እንደዚያ አይፈራም። ከሃያ ዓመት በፊት የፔልተን መንደር ጦር እጅ አውጥቶ መረጠው፤ ገዢው በእንግሊዙ ንጉሥ ስም የሹመት ወረቀት ጻፈለት፤ እሱም ለንጉሡ ሊታመን ማለ። ይኸው ዛሬ ያቺ መሐላ እጁን አስራዋለች። የማሳቹሴትስ መንደሮች ባሩድ ሁሉ ለንጉሡ ወታደሮች ይሰጥ ተብሏል፤ የፔልተን ባሩድ ደግሞ፣ ዘጠኙም በርሜል፣ ያለው በሻምበሉ ምድር ቤት ነው።

«አባባ፣ የእውነት ልትሰጣቸው ነው?» አለችው ልጁ ሰብሚት፣ ፖም እየላጠች።

«ምያለሁ እኮ ልጄ።»

«ወንድሞቼ ነገር ቢመጣ ምን ሊተኩሱ ነው? ገንፎ?»

«አፍሽን ዝጊ!»

ዘጋች። ፖሙን ግን እንደ ጠላት ላጠችው። አባቷን ከሰው ሁሉ አብልጣ ትወደዋለች፤ ያን ዕለት አፈረችበት።

ባሩዱን ሊረከብ የንጉሡ ሻለቃ አሥራ ሁለት ቀይ ለባሽ ወታደሮች አስከትሎ ደረሰ። ያ ሞኝ፣ ቀን የጠፋ ይመስል፣ በመንደሩ ጦር የልምምድ ቀን መጣ! አርባ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ አጥሩ ዙሪያ ቆሟል። ሰብሚት ሮጣ ሄዳ ምድር ቤቱ በር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ሻለቃው ደሙ ፈላ። «ሰብሚት!» ብሎ ጮኸባት። በእንግሊዝኛ «ተገዢ!» ማለቱ ነው።

«አቤት! ስሜን ደግሞ ማን ነገረዎት?»

አጥሩ ጋ የቆመው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ክርስትና ስሟ ነው፤ ቄሱ ይመስክሩ። ሻለቃው ግን እንደተሰደበ ቆጥሮ ጎራዴውን ጨበጠ።

ይኼኔ ሻምበሉ ከቤት ወጣ። በአንድ እጁ ቁልፍ፣ በሌላው የሹመት ወረቀቱን ይዟል። ሰብሚት ቁልፉን ስታይ አለቀላት።

«ተነሺ ልጄ» አላት። እንባዋን እየጠረገች ተነሣች።

«ጎሽ! ከመካከላችሁ ሰው አልጠፋም» አለ ሻለቃው። «ቁልፉን ወዲህ በል።»

«ቆይ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ይህን ይቀበሉኝ» ብሎ ወረቀቱን እጁ ላይ አኖረለት። «የንጉሡ ነው፤ ለንጉሡ መልሻለሁ። መሐላዬም አብሮት ሄዷል። ከእንግዲህ ሻምበል አይደለሁም።»

«ቁልፉን ነው ያልኩህ!»

«ባሩድ የሚያስረክብ ሻምበል ነው። እኔ ተራ ገበሬ ነኝ፤ በምን ሥልጣኔ?» ቁልፉን ለሰብሚት ሰጣትና ወደ አጥሩ ዞረ። «ጎረቤቶቼ፣ ሻምበል የላችሁም። ምረጡ!»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ሰብሚት ሴት ናትና ድምፅ የላትም፤ ጉሮሮ ግን አላት።

«ጀዲዳያ ሉሚስ!» ብላ አምባረቀች።

አርባ እጅ ወጣ። በሻለቃው እጅ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነበር።

ሻምበሉ ቁልፉን ከልጁ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። «አዲሱ ሻምበል እኔ ነኝ፤ ለንጉሡ አልማልኩም። ባሩዱንም አልሰጥም» አለው። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ።

«ምን ትጠብቃላችሁ? ጠመንጃ አጉርሱ!»