ቀጭኑ የቤዝ ዓምድ

የእህቷ ባል የፈለገው ተራ አራት ማዕዘን ነበር። «በቃ ዝም ብሎ ሳጥን፤ ከሶፋው ጎን የሚቀመጥ፣ ከፊቱ ሰፋ ያለ የአየር ቀዳዳ ያለው» አላት በእጁ አየር ላይ እየሣለ። ሳሎኑን የቤት ሲኒማ ሊያደርገው ቆርጦ ተነሥቷል፤ ስክሪኑ ግድግዳው ላይ ወጥቷል፣ የቀረው ቤዙ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ስፒከር ብቻ ነው።

ልጅቷን ስፒከር መሥራት ማንም አላስተማራትም። የተቃጠለውን እየፈታች፣ ጣቷን በመጋዝ እየሸረከተች ራሷ ነው የለመደችው፤ ስለዚህ ሰው ሲያርማት ደሟ ይፈላል።

«ጋሼ፣ ሳጥን ካማረህ የሽንኩርት ማስቀመጫ ልሥራልህ» አለችው። «እኔ የምሠራልህ ዓምድ ነው። ክብ፣ ቀጭን፣ ረጅም። ያየ ሁሉ ከየት አመጣኸው የሚልህ።»

«ቀዳዳውስ አይጠብም?»

«አንተ ፊልምህን እይ፣ አየሩን ለእኔ ተወው።»

«እሺ ኢንጂነሯ» ብሎ ሳቀ።

ሥራ ቦታዋ ስትሞክረው ዓምዱ ደስ የሚል ጉርምርምታ ነበረው። ድምፁን ከፍ ስታደርገው ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚወጣው አየር ፕርርጥ አለ። ክው አለች። ቀዳዳውን ማስፋት ማለት የለፋችበትን ቅርጽ ማፍረስ ነው፤ ከዚያም የሚብሰው፣ «ልክ ነበርክ» ማለት ነው። ቤት ውስጥ ማን እዚህ ድረስ ይከፍተዋል ብላ ቀለም ቀባችው።

እሑድ ከሰዓት ዘመድና ጎረቤት ለምርቃቱ ተሰበሰበ። የባልየው እናት፣ ሰው ፊት ውሃ ሲጠጡ እንኳ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑት እማማ፣ ለወገባቸው የሚመቸውን ወንበር መርጠው ጥጉ ጋ፣ ከዓምዱ አጠገብ ተቀመጡ።

ፊልሙ ላይ ድልድይ ተናደ። ባልየው ደስታውን መቆጣጠር አቅቶት ድምፁን ጫፍ አደረሰው። የፍንዳታው ጩኸት ጋብ ብሎ ጥልቁ ጉርምርምታ ብቻ ሲቀር፣ ከጥጉ ረዘም ያለ ፕርርርጥ ተሰማ።

ዓይን ሁሉ ወደ ጥጉ ዞረ። ጥጉ ላይ ያሉት ዓምዱና እማማ ናቸው፤ ያን የመሰለ ዓምድ ደግሞ ማን ይጠረጥራል?

«እንግዲህ ዕድሜ ነው» አለ አንዱ ጎረቤት ለስለስ አድርጎ። ሴቶቹ ትራስ ነክሰው ሳቁ።

«ኧረ እኔ አይደለሁም» አሉ እማማ። «እኔ አይደለሁም እኮ ልጆች!»

«ምንም አይደል እማዬ፣ ያጋጥማል» አለ ልጃቸው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ።

የልጅቷ ፊት ነደደ። ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ ቤዙ ነው። እማማ ወደ እሷ ተመለከቱ፤ አቀረቀረች። አሮጊቷ ቀስ ብለው ተነሡና ቀሚሳቸውን ከኋላ በእጃቸው ጨምድደው ይዘው ወደ መኝታ ቤት ሄዱ።

ያ ቀሚስ የጨመደደው እጅ ነው ያስነሣት። ሪሞቱን ከባልየው እጅ መንጭቃ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። ድልድዩ እንደገና ተናደ። ከባዶው ወንበር አጠገብ ዓምዱ ፕርርርጥ አለ።

«ቀዳዳው ጠቦ ነው» አለች። «ስሞክረውም እንዲህ ብሏል። እያወቅሁ ነው ያመጣሁት።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «የኢንጂነሯ ዓምድ ሆዱን ነፍቶታል!» አለ ያው ጎረቤት። ባልየው አልሳቀም፤ የመኝታ ቤቱን በር እያየ ነበር።

አንኳኩታ ገባች። እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ሰምቻለሁ» አሉ ሳያዩዋት። «ቅድም ፊትሽ ሲቀላ አይቼ፣ ይቺ ልጅ ለእኔ አፈረችልኝ ብዬ አዝኜልሽ ነበር።»

«ይቅርታ እማማ።»

ሳሎን ውስጥ አንዱ ድልድዩን ዳግም አስናደው፤ ፕርርርጥ፣ ከዚያ ሳቅ።

«ስቀው እስኪጠግቡ እዚህ ልቀመጥ?»

እማማ አልከለከሏትም፤ አልጋው ላይ ግን ቦታ አልለቀቁላትም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።