ጢሙን የተላጨው አምባዛ

በጥቅምት አንድ አጥንት ይላሉ። እኛ ግን ሉሊት ዓሣ ቤት ከከፈተች ወዲህ በጥቅምት አንድ እሾህ እንላለን። ቤቷ ወረታ ውስጥ፣ ከደብረ ታቦሩ መገንጠያ ትንሽ ዝቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር ነው። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ ማቀዝቀዣ፣ ጓሮው ውስጥ አንድ የሎሚ ዛፍ አላት። ዓሣው ጧት ጧት ከጣና ዳር ከናበጋ በኩል በሞተር ሳይክል ሲመጣ ገና ይንፈራገጣል። አንድ ቀን አንዱ ዓሣ ከሞተሩ ላይ ወርዶ በራሱ ገብቶ ድስቱ አጠገብ ተቀመጠ ብዬ ባወራ፣ ሦስት ሰው “በየትኛው በር ገባ?” ብሎ ጠይቆኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ጓደኛሞች እዚያ እንገናኛለን። አለኸኝ ባጃጅ ይነዳል፤ ሰው ሲጭን ወሬውንም አብሮ ይጭናል፣ ሲያወርድ ግን ሰውየውን ብቻ ነው። እንግዳው የሚባለው ደግሞ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ይሠራል፤ ቅንድቡ ላይ ገለባ ሳይኖር አይቼው አላውቅም። ከዚያ በፊት ግን ባሕር ዳር ሆቴል ቤት ሁለት ዓመት ሠርቶ መጠጥ መቀላቀል ተምሮ መጥቷል። ብርዝ ላይ ሎሚ ይጨምቃል፣ ዝንጅብል ይፍቅበታል፣ ጣት የማትሞላ አረቄ ጠብ ያደርግና በረዶ ይከትበታል። ስሙን “ወንዛዬ” ብዬ ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንዱን ስትጠጣ ወረታ ነህ። ሁለተኛው ሐሙሲት ያደርስሃል። ሦስተኛውን የጠጣ ሰው ወንዛዬ ፍል ውኃ ውስጥ ልብሱን እንደለበሰ ይነቃል። እኔ ከሁለት አልፌ አላውቅም፤ ደህና ሱሪዬ አንድ ነው።

ሦስተኛው ጓደኛ እኔ ባየህ ነኝ፣ የቁሐር ሚካኤል ልጅ። ፊደል ጨርሼ ዳዊት ስጀምር የኔታ ተክለ ማርያም “ይኸ ልጅ ዳዊት ያልተናገረውን እየጨመረ ያነባል” ብለው ለአባቴ መለሱኝ። አሁን ጎሚስታ ነኝ። ሥራዬ ነፋስ መሙላት ነው፤ አለኸኝ እንደሚለው ከጎማው የተረፈኝን ወሬዬ ውስጥ እሞላለሁ።

ያን ቀን ሉሊት ለብለቡን በሰፊ ሳህን አመጣችልን። በላዩ ሎሚ፣ በጎኑ ዳጣ። ከኋላችን ባለው ጠረጴዛ ለገበያ የመጡ ሁለት የቁሐር ሰዎች ተቀምጠዋል። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ገብረማርያም ይባላሉ።

አለኸኝ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። “ሉሊት፣ ዛሬ ይኸ ዓሣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የለሰለሰው?”

“ባየህን ጠይቀው” አለች ሉሊት። “እኔ የማላውቀውን የቤቴን ነገር እሱ ያውቃል።”

እኔም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ ቀና ይላል።

“ቆረሶ እንዳይመስላችሁ” አልሁ። “አምባዛ ነው። ጧት ጧት በጓሮ በር ታስገባውና አንገቱ ላይ ፎጣ አስራ ጢሙን ታስላጨዋለች። ባለፈው አንዱ ‘ከጎንና ከጎኑ አደራ፣ ሰርግ አለብኝ’ አላት።”

እንግዳው የጠጣው በአፍንጫው ወጣ። ሉሊት ራሷ ስቃ በማማሰያው ጀርባዬን መታ አደረገችኝ።

ከኋላችን ግን የሳቀ አልነበረም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የኛ አገር ሰው ቆረሶን ይበላል፤ ቅርፊት አለዋ። አምባዛ ግን ጢም እንጂ ቅርፊት የለውም፣ ኦሪትም ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ ይላል። ጎርፍ አምባዛውን ሩዝ ማሳችን ውስጥ ጥሎት ሲሄድ እንኳ የቁሐር ሰው በእግሩ ገፋ አድርጎት ያልፋል። ጋሼ ገብረማርያም የጎረሱትን ወደ መዳፋቸው መለሱት። ጓደኛቸው ውኃ ጠየቀ፣ ተጉመጠመጡ፣ ተነሥተው ወጡ። እኔ መኪና የሚያመልጣቸው መስሎኝ “ደህና ግቡ” ብዬ ሸኘኋቸው።

በሳምንቱ ስንመጣ ከኛ በቀር ሰው የለም። ዝንቦች እንኳ ወደ ጎረቤት ሥጋ ቤት ሄደዋል። ሉሊት ሦስት ወንዛዬ አስቀመጠችልንና ባንኮኒው ጋ ቆመች።

“ሰው ምን ሆነ?” አልሁ።

አለኸኝ ጉሮሮውን ጠረገ። “ማክሰኞ ከቁሐር አንድ ሰውዬ ጭኜ ነበር። ‘እዚያ ዓሣ ቤት አምባዛ ያበላሉ አሉ’ አለኝ። ረቡዕ ሐሙሲት ወረድሁ፤ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ሻይ ይጠጣል።”

“ጢሙ ይላጫል የሚለውንም አመኑ?”

“እሱንማ ማን ያምናል? የባየህ ውሸት ነው ይላሉ። አምባዛውን ነው ያመኑት።”

“ታዲያ ቆረሶውን አታሳዪያቸውም?” አልሁ ወደ ሉሊት ዞሬ።

“ሙሉውን ከነጭራው አውጥቼ አሳየሁ። ‘ይኸ ለማሳያ ነው፤ ድስት ውስጥ ያለውን ማን አየው’ አሉኝ።” ድምፅዋ አልከረረም፤ ቢከር ይሻለኝ ነበር። “አንድ ሳምንት እጠብቃለሁ። የሚመጣው ቅዳሜም እንዲህ ከዋለ ዘግቼ ባሕር ዳር እኅቴ ዘንድ እሄዳለሁ።”

ከዚያ ጠጋ አለችና ከፊቴ ያለውን ብርጭቆ፣ ገና ከንፈሬን እንኳ ያልነካሁትን፣ አነሣችው። ቀጥላ የተቀመጥሁበትን ወንበር ያዘች። ተነሣሁላት። ወንበሩን ግድግዳው ጋ አስደግፋ “ያበላሸኸውን አስተካክለህ ስትመጣ ትቀመጥበታለህ” አለችኝ።

እውነቴን ነው፣ ይኸንን ደግሞ ጨምሬበት አይደለም፤ ያን ዕለት ቆሜ ሳያቸው፣ እነሱ ሲጎርሱ፣ በዓለም ላይ ከዚያች ወንበር የተሻለ ቦታ ያለ አልመሰለኝም።

እሑድ ቁሐር ሚካኤል ሄድሁ። ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲበተን በሩ ላይ ቆምሁ።

“ወገኖቼ፣ የሉሊት ዓሣ ቆረሶ ነው። እኔ ነኝ የዋሸሁት። በሚካኤል።”

“ሚካኤልን ተወው፣ እሱ ሥራ አለው” አለኝ አንዱ።

እትዬ ካሳነሽ የሚባሉ የአባቴ ጎረቤት ነጠላቸውን እያጣፉ ቀረቡኝ። “ልጄ፣ አንተ ጤፍ ነው ስትል እኔ ሩዝ መሆኑን አውቃለሁ። ሃያ ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። ዛሬ ቆረሶ ነው ካልህ እንግዲህ አምባዛ መሆኑ ተረጋገጠ።”

“ባየህ፣ የአባትህ በሬ እንዴት ነው?” አለ ሌላው። ሰው ሁሉ ሳቀ። የአባቴ በሬ በጉማራ ወንዝ ጎርፍ ተወስዶ ጣና ገብቶ ከርሞ ሲመለስ ቀንዶቹ መካከል ዓሣ እንቁላል ጥሎበት ነበር ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ። በማልሁ ቁጥር አምባዛው እየወፈረ ሄደ።

የኔታ ተክለ ማርያም ካቡ ላይ ተቀምጠው ሁሉን ሲሰሙ ነበር። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

“የኔታ፣ እርስዎ እንኳ ይመኑኝ።”

“ተማሪዬ ሳለህ አዞ መንገድ ዘጋብኝ ብለህ ሦስት ቀን ቀረህ” አሉ። “ትዝ ይልሃል?”

“ይለኛል፣ የኔታ።”

“ዱላ ይዤ ጉማራ ድረስ ወርጄ አዞውን ፈልጌአለሁ። በዚያው አበቃ፤ አፍህን ዳግም አላምነውም።” መቋሚያቸውን አስተካከሉ። “ጎሚስታ ሆነህ የለጠፍህልኝ የብስክሌት ጎማ ግን ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ አልተነፈሰም። እጅህ ዋሽቶ አያውቅም። አፍህን ለምን አታሳርፈውም?”

እስከ ወረታ በእግሬ ስመለስ ያንን አሰብሁ። እንደደረስሁ ሉሊትን አስጠራኋት፤ ወደ ውስጥ ለመግባት ፈርቼ ነው።

“ቅዳሜ ዓሣ የምትከትፊባትን ጣውላ አስፋልቱ ዳር አውጪልኝ” አልኋት። “ቆረሶውን ሰው ፊት ቅርፊቱን እፍቃለሁ። አንቺ ምድጃሽን አጠገቤ ታደርጊና ከእጄ ተቀብለሽ ትጠብሻለሽ። ከሞተሩ እስከ ሳህኑ ማንም ዓይኑን አይነቅልም።”

አሰበችበት። “ጥሩ። አንድ ነገር ግን አለ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አንድ ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ።”

“ሰላምታስ?”

“አንገትህን ነቅንቅ።”

“ጎማ የፈነዳበት ቢመጣስ?”

“እንግዳው ያናግረዋል። ባየህ፣ አንዲት ቃል ካመለጠችህ ያችን ይዘው ነው የሚሄዱት።”

ቅዳሜ ጧት ሁለት ሰዓት ዓሣው መጣ። ጣውላዋ ፊት ተቀምጬ ቢላዋውን ያዝሁና ከጭራ ወደ ራስ መፋቅ ጀመርሁ። ቅርፊቱ እንደ ብር ሳንቲም ተፈናጠረ፤ ቅንድቤ ላይ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ አስፋልቱ ላይ። ሉሊት አጠገቤ ዘይቷን አግላ ትቀበለኛለች። ገበያተኛው ግን ማዶ ማዶውን ያልፋል። አራት ሰዓት ሆነ፣ የተጠበሰው ተከመረ፣ የቀመሰ የለም። ሉሊት አንድ ጊዜ ወደ ባዶው ቤት ዞር ብላ አየች። እኔም አየሁ።

ያን ጊዜ አለኸኝ ተሳፋሪ እንደጫነ ባጃጁን ፊቴ ላይ አቆመ።

“ባየህ፣ ባለፈው አምባዛ ልታገባ ነበር አሉ። ሽማግሌ ማንን ላክህ?”

አፌ ላይ የመጣው መልስ እንዴት ያለ መልስ ነበር። ዋጥሁት። እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ።

ኋላ የተቀመጡት ሴትዮ አንገታቸውን አወጡ። “ምነው ዝም አለ?”

“እኔ እንጃ” አለ አለኸኝ፤ እሱም ደንግጧል። “ዝም ብሎ አያውቅም።”

ሄደ። ከዚያ በኋላ የሆነው እንዲህ ነው፤ አለኸኝ በየደረሰበት “ባየህ ዝም ብሏል” እያለ አወራ። አምባዛው ወሬ ወረታን ለመዞር አራት ቀን ፈጅቶበት ነበር፤ ይኸኛው ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ሰው ማዶውን ትቶ ወደኛ መሻገር ጀመረ።

“ስእለት ገብቶ ይሆናል።”

“የለም፣ አምባዛ ምላሱን ነክሶት ነው።”

“ባየህ፣ በሬው ከጣና ምን ይዞ ወጣ? ንገረን እንጂ።”

እፍቃለሁ። የጎንደር መኪና ቆመ፣ ሾፌሩ ወርዶ አየኝ። የሩዝ መፈልፈያው ሠራተኛ በሙሉ እንግዳውን ተከትሎ መጣ። አንዲት ቃል ብናገር ያችን ይዘው ይሄዱ ነበር፤ ዝም ስል ግን የሚሰሙት ስላጡ ዓይናቸው እጄ ላይ አረፈ። እጄ ላይ ደግሞ ያለው ቅርፊት ነው።

ስድስት ሰዓት ግድም ሰዉ ገለል ገለል አለ። የኔታ ተክለ ማርያም መጡ፤ ከኋላቸው ጋሼ ገብረማርያም። የኔታ ጎንበስ ብለው ከቅንድቤ ላይ አንዲት ቅርፊት አነሡና ፀሐይ ላይ አዩዋት። ለጋሼ ገብረማርያም ሰጧቸው።

“ይኸን ልጅ ስንት ዓመት ዝም በል ብዬው ዝም ያላለኝ ነው” አሉ። “ዛሬ ዝም ያሰኘው ነገር ቀልድ አይደለም።” ገብተው ተቀመጡ።

ጋሼ ገብረማርያም ግን ቆሙ። አንዱን ቆረሶ ከእጄ እስከ ዘይቱ፣ ከዘይቱ እስከ ሳህኑ በዓይናቸው ሸኙት።

“ባለፈው የበላሁትስ?” አሉ ሉሊትን።

“እሱም ይኸው ነበር፣ አባቴ።”

“እንግዲያ ደህና ጉርሻ ነው የተፋሁት።” ወደኔ ዞሩ። “ያስተፋኸኝ አንተ ነህ። ተነሣ፣ እጅህን ታጠብና ተካልኝ።”

እንግዳው ውኃ አፈሰሰልኝ። ከሳህኑ ቆረስሁ፣ ዳጣ ነካ አድርጌ በእንጀራ ጠቀለልሁ፣ ሰው ሁሉ እያየ አጎረስኋቸው። ቀስ ብለው አላመጡ። ዋጡ። ሉሊት ማማሰያዋን ይዛ ቆማለች።

ጋሼ ገብረማርያም አፋቸውን ጠረጉ። “አንድ ጉርሻ ያጣላል” አሉና እንደገና ከፈቱልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰው የት እንደተቀመጠ እግዜር ይወቀው። አራቱ ጠረጴዛ ሞላ፣ ባዶ የቢራ ሳጥን ተገለበጠ፣ አንዳንዱ የሩዝ ከረጢቱ ላይ ተቀምጦ በላ። እትዬ ካሳነሽ ሁለት ጊዜ ጨመሩ። እንግዳው ሎሚው አልቆበት ዛፍ ላይ ወጣ። እኔ ስፍቅ ዋልሁ፤ ክንዴ ዝሎ ቢላዋውን በግራ እጄ እስክይዝ ድረስ።

ፀሐይ ወደ ጣና በኩል ስታዘቀዝቅ ሉሊት ወጣች። በአንድ እጇ ወንበሬን፣ በሌላው ወንዛዬ ይዛለች። ወንበሩን በአለኸኝና በእንግዳው መካከል አስቀመጠችው።

“በል፣ አሁን ተናገር።”

የኔታ እንኳ ጆሯቸውን አቀኑ። የቀኑ ወሬ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተጋፍቶ ቆሟል፤ በሬውም፣ አምባዛውም፣ ሽማግሌውም። አፌን ከፈትሁ።

“ርቦኛል” አልሁ።

ይኸንን ሁሉም አመነኝ። ሉሊት የመጨረሻውን ቆረሶ ሙሉውን አቀረበችልኝ፤ ለእኔ ብላ ደብቃው ኖሯል። አለኸኝ ሎሚ ጨመቀልኝ። አንዱን ወንዛዬ ጠጣሁ፣ ሁለተኛውን ጠጣሁ። እንግዳው ሦስተኛውን ቀድቶ ፊቴ አስቀመጠ።

ሱሪዬን አየሁት። ቅርፊት በቅርፊት ሆኗል፤ ከዚህ ወዲያ ፍል ውኃ ቢያገኘው ይሻለዋል ብዬ ጠጣሁት።