በቀለም የተሰፋ ኮት

«ሙሉ ልብስ አልብሺው» አሉ እማማ ዳረጃን፣ ዓይናቸውን ከልጃቸው አስከሬን ሳይነቅሉ።

እናቷ ሳጥኑ ውስጥ ስለተኛው ወንድሟ ስለ ቴሙራዝ የሚናገሩ መስሏት፣ ጺሳና «አዲስ ሸሚዝ ለብሷል እኮ፣ እማዬ» አለች።

«እሱንማ ነገ አፈር ያለብሰዋል። ፎቶውን ነው የምልሽ፤ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሚቀረጸውን።»

በግድግዳው ሥር የተደረደሩት ጥቁር ለባሽ ሴቶች ወደ እናትና ልጅ ዞሩ። ለቀስተኛው እየገባ ሳጥኑን ይዞራል፤ የእናቲቱን ትከሻ ነክቶ ይወጣል። ከግቢው፣ ወንዶቹ በትልቅ ድስት የሚያማስሉት የእንጉዳይ ሩዝ ይሸታል።

ጺሳና ፎቶውን መርጣ ጨርሳ ነበር። ቴሙራዝ ዕድሜ ልኩን ሰው ፎቶ ሲያነሣ ኖሮ የራሱ የሚባል ምስል አልነበረውም። ራሱን ባነሣ ቁጥር ሌላ ሰው ሆኖ ነው፤ አንዴ የካርቶን ሜዳሊያ የደረደረ ጄኔራል፣ አንዴ ሻሽ ያሰረች ላም አላቢ። እሱን ራሱን የሚመስለው አንዱ ብቻ ነው፤ ክርኑ ላይ የተቀደደ ሹራብ ለብሶ ወደ መስኮት ያያል።

«ሙሉ ልብስ ለብሶ አያውቅም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያንን ውሸት ሲያራግፍ ነው የኖረው።»

«የሰው አባት ሲያራቁት ነው የኖረው በይ» ብላ አንዷ ሴት ተንሾካሾከች።

«ዝም በይ! ይሄ ሰው ሞቶም አይተውሽም፤ አፍሽን እንደከፈትሽ ያነሣሻል» አለቻት ጎኗ ያለችው።

ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል መሐረባቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

ጺሳና ነገሩን አልረሳችውም። በወጣትነታቸው እሷና ቴሙራዝ የሟቾችን ፎቶ እያሳደጉ ይሸጡ ነበር። እሱ ጉርድ ፎቶውን ያተልቀዋል፤ እሷ በብሩሽ ኮትና ክራባት ታለብሰዋለች። የከተማቸው የኩታይሲ እረኛና ሸማኔ ሁሉ በሞተ ማግሥት ሚኒስትር መስሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በኋላ የኮሙኒስቶቹ መንግሥት ፈረሰ፣ የከተማዋ የሐር ፋብሪካም ተዘጋ። ያኔ ቴሙራዝ እነዚያን ፎቶዎች ከየጎረቤቱ ተውሶ፣ ባዶው የሽመና አዳራሽ ውስጥ በሰው ቁመት ሰቀላቸው። ከእያንዳንዱ ሥር ሟቹ በእርግጥ ይለብሰው የነበረውን አንጠለጠለ፤ ዘይት የጠጣ ሱሪ፣ የተጣፈ የጥጥ ጃኬት፣ ሽርጥ። ከውጭ አገር የመጡት እንግዶች አደነቁ። ጎረቤቶቹ ግን አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በያጁ ኑግዛር የአባቱን ፎቶ በገዛ እጁ አወረደና፣ «አባቴን ልብሱን ገፈፍከው» አለ። ከዚያ ወዲህ የቴሙራዝን ደጃፍ አልረገጠም።

አሁን በሩ ላይ የቆመው እሱ ነው፤ ጥቁር ኮት ለብሷል። ሳጥኑን ዞረና ጺሳና ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ስለ ድንጋዩ ግቢ ውስጥ ሲያወሩ ሰማሁ። ትክክል ነሽ፤ በሹራቡ ይቀረጽ። ሌላውን እንዳራቆተ እሱም ይራቆት።»

ጺሳና ደነገጠች። እውነት ብላ የተናገረችው ነገር በሰው አፍ ሲመለስ በቀል ሆኖ አገኘችው።

እማማ ዳረጃን ቀና አሉ። «ኑግዛር ልጄ፣ የኛን ሰውዬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አይተኸው ነበር?»

ሁሉም ወደ ግድግዳው ዞረ። የቴሙራዝ አባት፣ ኮትና ክራባት ለብሰው፣ ከተሰቀለው ፎቶ ቁልቁል ያያሉ።

«የእርስዎን ባልማ አልሰቀለም» አለ ኑግዛር።

«ሊሰቅል ወስዶት ነበር። ባሌ ከሞተበት እስር ቤት የመጣልኝ ፎቶ ደረቱ ላይ ቁጥር ነበረበት። ቁጥሩን በኮት የሸፈነልኝ ቴሙራዝ ነው፤ ገና ጺም ሳያበቅል። ሊሰቅለው የወሰደው ዕለት ታዲያ በብብቱ ይዞት ተመለሰ። ‹እማዬ፣ የአባባን ኮት ማውለቅ አቃተኝ፤ ይበርደዋል› አለኝ።»

ጺሳና ይህን አልሰማችም ነበር። ለምን እንዳልሰቀለው ስትጠይቀው፣ ምስማር አለቀብኝ ብሎ ቀልዶባት ነበር።

«የኔን አባት አይበርደውም?» አለ ኑግዛር።

«በደለህ። ማጥፋቱን ስላወቀ አይደል በርህን ሲያንኳኳ የከረመው?»

ኑግዛር ወደ ሳጥኑ ዞረ። «አልከፈትኩለትም» አለ።

ጺሳና ተነሥታ ከጓዳ የቀለም ሣጥኗን አመጣች። ሹራብ የለበሰውን ፎቶ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ብሩሹን አነሣች፤ እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ስንት ዘመኗ ከዚህ ሥራ ከወጣች! የኮት ኮሌታ ደረት ላይ እንዴት እንደሚተኛ ጠፋባት።

ኑግዛር መቸገሯን አየ። በርጩማ ስቦ ከሳጥኑ አጠገብ፣ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ክራባትስ?» አለች ጺሳና እናቷን።

«ክራባቱን ተዪው። ያንቀዋል።»

ኑግዛር ጀርባውን አቀና፤ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ዓይኗ ኮሌታው ላይ አርፎ ብሩሹ ወረቀቱን ሲነካ፣ እንዳያሳስታት ትንፋሹን ዋጠ።