አራት ማራገቢያ

ጉተማ ለመጀመሪያ የጌም ኮምፒውተሩ ዕቃ ሲያማርጥ ሦስት ወር ፈጀ፤ የጦር ኃይሎች ሰፈር ባለሱቆች ገና ከሩቅ ሲያዩት ስልክ የሚያወሩ መምሰል ጀመሩ። ግራፊክስ ካርዱን ያገለገለ፣ ስክሪኑን ጭረት ያለበት ገዛ። በማራገቢያ ግን ቀልድ አያውቅም! "ኮምፒውተር ካልተነፈሰ አለቀለት" ብሎ አራት ባለመብራት ማራገቢያ አስገጠመ።

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ እናቱ ወይዘሮ ዋጋነሽ ኮምፒውተሩን ከአናቱ እስከ እግሩ ነጭ ዳንቴል አልብሰው፣ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጠውበታል።

"እማዬ! በምን ይተንፍስ?"

"ቴሌቪዥኑ አሥር ዓመት ሙሉ ለብሶ መቼ ታፈነ?"

ዳንቴሉን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ጎረቤቶች "እንኳን ደስ አላችሁ" ሊሉ ገቡ። ጉተማ ደረቱን ነፋ።

"ውይ ሲያምር!" አሉ ባንድ አፍ። "ዋጊዬ፣ ክሩን ከየት አገኘሽው?"