በዳርሰላም ካርድ ላይ የኔ ክንድ

የዳርሰላምን ነገር ሰው ሁሉ እንደፈለገው ሲያወራው እሰማለሁ። አንዷ ዓይን በላት ትላለች፣ ሌላዋ ባሏ ከመቃብር ጠራት ትላለች። እኔ እያለሁ ምን አሳሳታቸው? ይሄን ወሬ የኔን ያህል የሚያውቀው የለም፣ ግማሹን ጥፋት ያጠፋሁት እኔው ነኝና። ሌላውን ግማሽ ግን እኔ አላጠፋሁም። እሱ ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ዳርሰላም ጎረቤቴ ናት። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከገባን ጀምሮ ግድግዳችን አንድ ነው። ደም ብዛት ከያዛት ዘጠኝ ዓመቷ። በየወሩ ካርዷን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፣ ክንዷን ይለኳታል፣ ክኒኗን ይዛ ትመለሳለች። እኔ ይመስገነው ምንም የለብኝም፣ ቀጭን ነኝ እንደ ሰሊጥ አገዳ። የሷ ክንድ ደግሞ የኔን ጭን ያክላል። ይቺን ያዙልኝ።

ባሏ ሲሞት እንደ ደንባችን ነጭ ቶብ ከራስ እስከ እግሯ ተጠቅልላ ለአራት ወር ከአሥር ቀን ላትወጣ ቤት ገባች። የባሏ እህት አልቶማ ዕቃዋን ጠቅልላ መጣችና በሩ ላይ ተተከለች። አልቶማ የሰው ሐዘን ሹመት የሚመስላት ሴት ናት። መስታወት ሸፈነች፣ ሽቶ ደበቀች፣ ማን ምን ያህል እንዳለቀሰ ትቆጥራለች።

«ጤና ጣቢያስ እንዴት ልትሄድ ነው?» አልኳት።

«የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ወጥታ ክንዷን ለወንድ ትስጥ?»

«ለሐኪም ነው እኮ።»

«ሐኪሙ ሴት ነው እንዴ?»

ኋላ ሼኹን ስንጠይቃቸው «ለሕክምና መውጣትን ማን ከለከለ? አልቶማ መቼ ነው ሃይማኖት የምታስተምረን?» አሉ። ያን ጊዜ ግን ማናችንም አልጠየቅናቸውም። እኔም አፌ ለወሬ እንጂ ለቁም ነገር መች ይፈታል።

ወሩ ሞላና ክኒኑ አለቀ። ካርዷን ይዤ ሄድኩ። መድኃኒት መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ገልበጥ አድርጋ አየችና መለሰችልኝ።

«ሳትለካ አይሰጥም።»

«ሐዘን ላይ ናት ልጄ። ቤቷ ከዚህ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። አንዳችሁ መለኪያውን ይዛችሁ ብቅ ብትሉ…»

«ሐጃ፣ እኛ ሻይ አዟሪ ነን እንዴ? ክንድ ይምጣ።»

ክንድ ከሆነ የቸገራችሁ እኔም ክንድ አለኝ አልኩ በሆዴ። ቶቤን እስከ አፍንጫዬ ጎትቼ ወደ መለኪያው ክፍል ገባሁ። ጤና ረዳቱ ሐሲብ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«ዳርሰላም ባቢክር?»

«አቤት።»

የሚታሰረውን ጨርቅ ክንዴ ላይ ሁለቴ ጠመጠመው። ዳርሰላም ክንድ ላይ አንዴ እንኳን ዞሮ የሚገጥመው በግድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የሷን ክንድ የጨበጠ ሰው ክንዷን አያውቀውም፣ ፊቷንም አያውቀውም።

«ማሻላህ፣ መቶ አሥር በሰባ። በጣም ወርዷል» አለና ጻፈ።

ክኒኑን ተቀብዬ እየሳቅኩ ወጣሁ። ለዳርሰላም ግን ትንፍሽ አላልኩም፣ እሷ ውሸት አትወድም። ሰው ለምኜ ሰጡኝ አልኳት።

በሁለተኛው ወር ሐሲብ ካርዱን አየና «እንዲህ ከሆነ አንዱን ክኒን እናቆመዋለን» አለኝ።

«ተወው፣ እንደ ድሮው ይሁን።»

«ሐጃ፣ ሐኪሙ ማን ነው፣ እኔ ነኝ እርስዎ?»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ብናገር ደግሞ ያ ሁሉ ወረፋ የሚጠብቅ ሴት እየሰማ፣ ሌባ ተብዬ ልወጣ ነው። የተማረ ያውቃል፣ እኔ ፊደል ግማሹን ቆጥሬ ያቆምኩ ምን አውቃለሁ ብዬ ካርዱን ተቀብዬ ወጣሁ። በሦስተኛው ወር የቀረውንም ክኒን በግማሽ ቀነሰው። በአራተኛው ጭራሽ ክኒኑን አቆመና «ደህና ሆነዋል፣ ከሁለት ወር በኋላ ይምጡ» አለ። ቤት ገብቼ ለዳርሰላም «ድነሻል አሉ፣ ሐዘኑ ተስማማሽ» አልኳት። ሳቀች ምስኪን። ይሄን ሳስበው ምላሴን መቁረጥ ያምረኛል።

ነገሩ መምጫው ታይቶ ነበር እኮ። ፊቷ አበጠ። አልቶማ «ባሏን የምትወድ ሴት እንዲህ ታብጣለች» አለች። እግሯ አበጠ፣ መቀመጥ ነው አልን። ዓይኔ ላይ ጭጋግ አለ አለች፣ እንባ ነው አልን። ሽንቴ እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል ስትለኝ ደግሞ እኔ ቀልድ አወጣሁበት። ምን ዓይነት ቀልድ እንደሆነ አልነግራችሁም።

ሐዘኗ የሚወጣ ቀን ሴቶቹ ተሰብስበን አጠብናት። አልብሰን ወደ ግቢ ስናወጣት እጇን ዘርግታ «አልቶማ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለች። የዘረጋችው ለውሃ ጋኑ ነው። አልቶማ ሌላ ጥግ ቆማለች። አንዷ ሳቀች። እኔ ማንንም ሳልጠይቅ በብብቷ ይዣት ወደ ጤና ጣቢያ ወጣሁ።

ጤና ጣቢያችን በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ አንዲት ወጣት ሐኪም አግኝቶ ነበር፣ ዶክተር ረያን የምትባል። የዳርሰላምን ክንድ ለካች። ደግማ ለካች።

«ሁለት መቶ ሠላሳ በመቶ ሠላሳ» አለች። በትንሽ መብራት ዓይኗ ውስጥ አብርታ አየች። «ዓይኗ ውስጥ ደም ፈሷል። መድኃኒቷን ለምን አቆመች?»

ሐሲብ ካርዱን ይዞ እየሮጠ መጣ። «ይኸው ዶክተር፣ በየወሩ ስትመጣ በጣም ጥሩ ነበር። ቤቷ ሄዳ ጨው በልታ ነው የሚሆነው። ኪስራ እንጀራውን በጨው በተዘፈዘፈ ተርሺ ነው የሚበሉት እነዚህ፣ ብንነግራቸው አይሰሙም።»

ዳርሰላም አፏን ከፈተች። «እኔ? እኔ እኮ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።»

ከዚህ በኋላማ ማን ይችላል። «ያ ክንድ የኔ ነው» አልኩ። «አራት ወር የለካኸው እኔን ነው። እየኝ እስቲ፣ እኔ ዳርሰላምን እመስላለሁ?»

ዳርሰላም ጭጋግ በሸፈነው ዓይኗ ወደ ድምፄ ዞረች።

«እንግዲህ ጓደኛዎን የገደሉት እርስዎ ነዎት» አለ ሐሲብ። ሲለው ትንሽ ቅልል ያለው መሰለኝ።

ዶክተሯ ካርዱን ወደ ኋላ እየገለጠች ነው። ገለጠች፣ ገለጠች። «የሽንት ምርመራዋ የታለ?»

«አልተሠራም።»

«ዘጠኝ ዓመት? የደም ብዛት በሽተኛ ኩላሊቷ ዘጠኝ ዓመት ሳይታይ?»

«ሽንት ውስጥ የምትነከረዋ ወረቀት ለነፍሰ ጡር ብቻ ናት ዶክተር። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈንባታል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ቁጥሯ እንዳይጎድል።»

«እንግዲያው እኔን ነፍሰ ጡር ብለህ ጻፈኝ» አልኩት። «በሰባ ዓመቴ አርግዣለሁ። የኔን ክንድ የሷ ብለህ የጻፍክ ሰው ይሄ ያቅትሃል?»

ከበር ያሉት ሴቶች ሳቁ፣ ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። ቁም ሳጥኑን አስከፈተችው። ካርቶኑ እስከ ላይ ድረስ ሙሉ ነው፣ ማሸጊያው እንኳን አልተነካ። የዳርሰላም ወረቀት ገና እንደተነከረች ቀለሟ ጠቆረ።

ትልቁ ሆስፒታል ላኩንና ደሟንም አዩት። ከኩላሊቷ የቀረው ከሦስት እጁ አንዱ ነው አሉ። ይቺን ካልጠበቀች ደሟ በየሁለት ቀኑ በማሽን ሊታጠብ ነው። ዶክተር ረያንን ለብቻዋ ይዤ ጠየቅኳት፣ የኔ አራት ወር ነው ወይ እንዲህ ያደረጋት ብዬ።

«የእርስዎ አራት ወር ዓይኗን ጎድቷል ኻልቲ፣ አልዋሽዎትም» አለችኝ። «ኩላሊት ግን በአራት ወር እንዲህ አይሆንም። ዓመታት ሲበላ ነው የኖረው። በአንዲት ወረቀት ገና ድሮ ይታወቅ ነበር።»

ይኸው ነው የሚያቃጥለኝ። እኔ መሃይም ነኝ፣ ክንድ ከክንድ ብለይ ባልለይ ምን ያስደንቃል። እነሱ ግን ተምረው፣ ነጭ ካፖርት ለብሰው፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ክንዷን ይዘው ቁጥር ሲጽፉ ኖሩ። ክንዷ ምን አለው? አልታመመ። በሽታው የገባበትን ቦታ አንድም ቀን ጠይቀውት አያውቁም።

ዳርሰላም አሥራ አንድ ቀን አኮረፈችኝ። የላክሁላትን ወጥ ክዳኑን ሳትከፍት መለሰችው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት እራሷ ደጄ ላይ ቆመች።

«በስሜ አቤት ያልሽ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ይቅር አላልኩሽም ገና። ግን ጤና ጣቢያ ልሄድ ነው፣ ግራ ዓይኔ ደግሞ አያይም። ምን እንደሚጽፍ አንቺ ታዪልኛለሽ።»

«ማንበብ መች እችላለሁ?»

«ቁጥር ትችያለሽ። የሰፈሩ ልጆች ስንት ወር እንደተረገዙ ስትቆጥሪ ተሳስተሽ አታውቂም።»

ዶክተሯ የማትመጣበት ቀን ነበር። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ተመልሶ ሐሲብ ኪስ ገብቷል፣ ሴቶቹ እንደ ወትሮው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። ሐሲብ አቀርቅሮ «ክንድ» አለ።

ዳርሰላም እጇን ቶቧ ውስጥ እንዳደረገች ቀረች። «መጀመሪያ ቀና በልና ፊቴን እየኝ።»

ቀና አለ።

«ማን ነኝ?»

«ዳርሰላም ባቢክር።»

«ኩላሊቴ ምን ያህል ቀረኝ?»

ካርዱን ሊገልጥ እጁን ሰደደ። «ካርዱን ተወው፣ እኔን ንገረኝ» አለችው። እጁን ከካርዱ ላይ አነሳ። ከዚያ ወደ አግዳሚው ዞረች። «ደም ብዛት ኖሮባችሁ ሽንታችሁ ታይቶ የማያውቅ ካርዳችሁን አንሱልኝ እስቲ።»

እኔ ነኝ የቆጠርኩት፣ አሥራ ሰባት ካርድ ወጣ። አንዱን ያነሳችው አልቶማ ናት፣ ወደኛ ላለማየት ወደ ግድግዳው ዞራ።

«ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን እላለሁ?» አለ ሐሲብ።

«እኛን ጥራን» አለችው ዳርሰላም።

ኪሱን ዳበሰና ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደ። ካርቶኑን ይዞ እስኪመለስ ድረስ አንዷም ክንዷን ከቶቧ አላወጣችም።